በእትዬ ኡሙሰልማ ቤት የተመዘገበው ሰው

እትዬ ኡሙሰልማ ከወሎ ወደ አዳማ የመጡት በሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው። መጀመሪያ የጋሪ ጥላ ይሰፉ ነበር፤ ጋሪው እየቀነሰ ባጃጅ ሲበዛ የባጃጅ መቀመጫ ልብስና መጋረጃ መስፋት ጀመሩ። ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ከእኛ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ የሚጋራ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበራቸው። በፊተኛው ክፍል የስፌት መኪናቸው፣ በኋለኛው አልጋቸው ነበር። ባለቤታቸው በወጣትነታቸው ሞተውባቸዋል፤ ልጅ አልወለዱም። እናቴ ገበያ ስትውል ከትምህርት ቤት መልስ የምበላው እሳቸው ዘንድ ነው። በጾም ቀን የእኔን ሽሮ በሌላ ድስት ሠርተው ከድነው ያስቀምጡልኝ ነበር።

ከሰው ጋር እየቀለዱ መሥራት ይወዱ ነበር። አንድ ሾፌር ዥጉርጉር ጨርቅ ይዞ መጥቶ፣ «እትዬ፣ ነብር አድርገው ይስፉልኝ» ሲላቸው፣ ባጃጁን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ «ለዚህ ለሚያስነጥሰው? ድመት ይበቃዋል» አሉት። ሾፌሩ እስከ ዛሬ «ድመት» እየተባለ ይጠራል።

ማንበብና መጻፍ አልተማሩም። ልኩን ሁሉ በራሳቸው ይዘውት ነው የሚቆርጡት። ወረቀት ላይ መፈረም ሲያስፈልጋቸው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ይጫኑ ነበር። ይህን የምጠቅሰው በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

እኔ በዩኒቨርሲቲ የመዛግብት አያያዝ ተምሬ በ2010 ዓ.ም. በሰፈራችን ቀበሌ መዝገብ ቤት ተቀጠርኩ። ያኔ ቀበሌው ሁለት ክፍልና አራት ሠራተኛ ነበረው። ሰው በአንድ ጉዳይ ይመጣል፣ አንድ ወረቀት ይዞ ይሄዳል።

በዚያ ዓመት ዘይት የሚታደለው በሸማቾች በኩል በቤተሰብ ቁጥር ነበር። አንድ ጄሪካን የሚሰጠው ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ላለበት ቤት ነው። ብቻውን የሚኖር ሰው ከሌላ ብቸኛ ጋር ተጣምሮ ይካፈላል። እትዬ ኡሙን ሁለት መንገድ ማዶ ከሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ጋር አጣመሯቸው። ሽማግሌው ጄሪካኑን ቤታቸው አስቀምጠው በፍንጃል እየለኩ ይሰጧቸው ነበር፤ እትዬ ኡሙ ፍንጃላቸውን ይዘው በሽማግሌው ደጅ መቆማቸውን እያየሁ በየቀኑ ሥራ እገባ ነበር። ሚያዝያ 11 ቀን የቤተሰብ ቅጻቸውን ከመደርደሪያ አወጣሁና በሁለተኛው መስመር ላይ አንድ ሰው ጨመርኩ። «አብዱልሃኪም ሱሩር፤ ጾታ ወንድ፤ ዕድሜ 19፤ ዝምድና የወንድም ልጅ።»

እንዲህ ያደረግኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም። በዚያ ዓመት በከተማው ብዙ ቅጽ ላይ አንድ ሰው ተጨምሯል፤ አንጀቱ የሚራራ ጸሐፊ ሁሉ ያደርገው ነበር። ስሙን ግን ከየትም አላመጣሁትም። ሱሩር የእትዬ ኡሙ ታናሽ ወንድም ነበር። ሚስት ሳያገባ በሃያ ዓመቱ ሞቷል። እትዬ ኡሙ ስለ እሱ ባነሱ ቁጥር «ቢኖር ኖሮ ልጅ ይወልድ ነበር፣ ስሙንም እኔ ነበርኩ የማወጣለት፤ አብዱልሃኪም እለው ነበር» ይሉ ነበር።

ማታ ስነግራቸው መኪናቸውን አቆሙ። ከዚያ በሳቅ ፈረሱ።

«ሱሩር ልጅ ወለደ በዪኛ! ስንት ዓመቱ ነው?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ዘመን አክስቱን ሳይጠይቅ የት ከርሞ ነው? ሲመጣ እኔ ነኝ የማናግረው።»

ከዚያ ወር ጀምሮ አንድ ሙሉ ጄሪካን መጣላቸው። «ልጃችን ዘይት አመጣልን» እያሉ ለእናቴ ያካፍሏት ነበር።

እደላው ሲቀር መስመሩን ልሰርዘው አሰብኩ። ቅጹ ግን በዚያው ሰሞን ለወጣቶች ቢሮ፣ ለጤናና ለሰፈር ጥበቃ ተገልብጦ ሄዶ ነበር። ከእኔ ዘንድ ለመሰረዝ ከሦስቱም ቢሮዎች ደብዳቤ ያስፈልጋል። ለሦስቱ ለመጻፍ ደግሞ ሰውየው የሌለው ለምን እንደሆነ መግለጽ ያስፈልጋል። ነገ አልኩ። ሌሎቹ ጸሐፊዎች የጨመሯቸውን ሰዎች እንዴት እንዳደረጓቸው አላውቅም፤ ጠይቄም አላውቅም።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት መሥሪያ ቤታችን አደገ። ሁለቱ ክፍሎች ፈርሰው ባለ ሦስት ፎቅ ተሠራ። አራት የነበርን ሠራተኞች ስልሳ አንድ ሆንን። ድሮ ለመታወቂያ ጎረቤት መጥቶ «አውቃታለሁ» ካለ ይበቃ ነበር፤ አሁን ከመስኮት አንድ እስከ መስኮት አሥራ አራት ይኬዳል። የመስኮት አራት ወረቀት ከሌለ መስኮት አምስት አያናግርም፤ መስኮት አራት ደግሞ የመስኮት ዘጠኝን ማረጋገጫ ይጠይቃል። የማንም ክፋት አልነበረም። አብረውኝ የሚሠሩት ሰዎች ጠዋት ዳቦ ተካፍለን የምንበላ ደጎች ናቸው። እያንዳንዱ ቢሮ ከጎኑ ካለው ቢሮ ይገለብጣል፣ ባዶ የሆነ ሳጥን ካገኘ ይሞላል፤ ባዶ ሳጥን ያለበት ሪፖርት ተመላሽ ይሆናላ።

አብዱልሃኪም በዚህ መሃል አደገ። በ2011 የስብሰባ ጥሪ ደረሰው። ጥሪውን ያመጣው የጎጣችን ተጠሪ ባጫ ነው፤ የጎማ ጥገና ቤት ያለው፣ ሁሉንም ሰው በስሙ የሚጠራ ሰው።

«አካም ጅርቱ ሃዳኮ፣ እንዴት ነዎት እናቴ፤ ይኼ ልጅዎ ስብሰባ አይመጣም እንዴ?»

«ሥራ ይዞ ነው።» አሉ እትዬ ኡሙ ከመኪናቸው ሳይነሱ። እኔን ላለማስያዝ ነው።

«የት?»

«ባጃጅ ላይ ነዋ! የአዳማ ልጅ ሌላ የት ይሠራል?»

ባጫ ስቆ ሄደ። የዚያን ጊዜ ስብሰባ ስም ዝርዝር በእኔ እጅ አልፏል። በአብዱልሃኪም ስም ትይዩ «ተገኝቷል» ይላል። በቀጣዩ ዓመት የጤና ባለሙያዎች ቤት ለቤት ሲዞሩ «ክትባት፦ ወስዷል» ተብሎ ተጻፈ። በሰፈር ጥበቃው መዝገብ ላይ በስድስት ወር ውስጥ አራት ተራ ወጥቷል፤ አንዱም ጊዜ አልቀረም። የሱ ማኅደር ሲወፍር የእትዬ ኡሙ እንደነበረ ቀጭን ሆኖ ቀረ።

በ2014 ቤት ለቤት ማረጋገጫ እንደሚመጣ ተነገረ። አጣሪዎቹ የሚያዩት ሰውን አይደለም፤ የመኝታ ቦታን ነው። እትዬ ኡሙ ከመኪናው ጎን ፍራሽ ዘረጉ፣ የባለቤታቸውን አሮጌ ሸሚዝ ምስማር ላይ ሰቀሉ። አጣሪዎቹ አይተው፣ ጽፈው ሄዱ። ፍራሹ ግን አልተነሳም።

«ያንሱት እንጂ፣ ጨርቅ ማስቀመጫውን አጠበበብዎት» አልኳቸው።

«ተመልሰው ቢመጡስ? ይቀመጥ።»

ከወር በኋላ ሸሚዙን እያጠቡ አገኘኋቸው።

«ማንም ያልለበሰውን ምን ያጥቡታል?»

«ኮሌታው ቆሽሿል» አሉ። «ባለፈው ሳምንትም አጥቤው ነበር።»

አዳማ አቧራ ነው፤ ነፋሱ በበር ስንጥቅ ሳይቀር ይገባል። እንዲህ ብዬ ነገርኳቸው። «አቧራ ነው» አሉ እሳቸውም። ሸሚዙን ግን ገልብጠው በኮሌታው በኩል ብቻ ነበር የሚያሹት።

ነገሩ ሁሉ እንዲህ እንደቀልድ ሊቀጥል ይችል ነበር። በ2015 ነሐሴ ላይ ግን የእትዬ ኡሙ ታላቅ እህት ሀጂራ ዓይናቸው ጠፋ። አዳሚ ቱሉ ብቻቸውን ይኖራሉ። ጎረቤታቸው ደውላ፣ «ምድጃ ላይ ሊወድቁ ነበር፣ አንድ ሰው ይምጣላቸው» አለች። እትዬ ኡሙ ስልኩን ዘግተው፣ «እሄዳለሁ» አሉኝ። «መኪናዬን ይዤ እሄዳለሁ። ከእንግዲህ ከእሷ ጋር ነኝ።»

ከአዳማ አዳሚ ቱሉ በሚኒባስ ግማሽ ቀን አይሞላም። ተሳፍሮ መሄድ የሚከለክለው የለም። መኖር ግን ሌላ ነው። እዚያ ለመመዝገብ ከዚህ የተለቀቁበት መሸኛ ያስፈልጋል። መሸኛ የሌለው እንግዳ ከአንድ ወር በላይ ከቆየ አስጠጊው ይጠየቃል። የደም ግፊት ክኒናቸውንም በየወሩ ከጤና ጣቢያ የሚወስዱት በመታወቂያና በጤና መድን ደብተር ነው፤ ደብተሩ ደግሞ የሚሠራው በተመዘገቡበት ቦታ ብቻ ነው።

መሸኛ የሚሰጠው መስኮት አሥራ አንድ ላይ ሱሃይላ ናት። ፈጣን፣ ሳቂታ ልጅ ነች። ስማቸውን አስገብታ ኮምፒውተሩን አየችና ፊቷ ቀዘቀዘ።

«እትዬ፣ ሲስተሙ እምቢ አለ። እርስዎ እማወራ ነዎት። ቤት ውስጥ ጎልማሳ አባል አለ። ወይ አብሮዎት ይሸኛል፣ ወይ እሱ ራሱ መጥቶ ይለቅቃል።»

እትዬ ኡሙ ከመስታወቱ በስተጀርባ ወደ ቆምኩት ወደ እኔ ዞረው አዩ። ከዚያ ሱሃይላን፣ «የኔ ልጅ፣ አልመጣ ካለስ?» አሏት።

«ይምጣ እንጂ፣ ስንት ዓመቱ ነው? ሃያ አራት! በጆሮው ይዘው ያምጡት።»

በዚያው ከሰዓት የክፍል ኃላፊያችን አቶ ኃይለየሱስ ቢሮ ገባሁ። ከመጠን በላይ የሚሠራ፣ ጠረጴዛው ላይ ሁልጊዜ የደረቀ ዳቦ የሚገኝ ሰው ነው። በሩን ዘግቼ ሁሉንም ነገርኩት፤ ቀኑን፣ መስመሩን፣ የጻፍኩበትን እስክሪብቶ ሳይቀር። ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ነበር የገባሁት። እሱ ማኅደሩን አስመጥቶ አንድ በአንድ ገለጠው።

«ልዩ፣ ይኼ ሰው የለም ነው የምትዪኝ።»

«የለም። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«አሥራ ዘጠኝ ወረቀት አለ ይላል። አንቺ አንድ ሰው የለም ትያለሽ። እኔ በየትኛው ልፈርም?»

«ክሰሱኝ፣ ፍርድ ቤት ይወስን።»

«ብከስሽ ዳኛው ማስረጃ አምጡ ይላል። ማስረጃው ሁሉ ሰውየው አለ የሚል ነው። በነጻ ትለቀቂያለሽ፣ እኔ በሐሰት ክስ እጠየቃለሁ።» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ቆመ። አንዱን ገጽ ትኩር ብሎ አየ። ምን እንዳየ አልነገረኝም። «ለምን ታስቸግሪያቸዋለሽ? አባወራ አድርጉት። ቤቱን ለእሱ ያስረክቡ። ከዚያ እሳቸው ተራ አባል ይሆናሉ፤ ተራ አባል በአባወራው ስምምነት ይሸኛል። አንድ ቅጽ ነው።»

«የሚፈርመውስ?»

«እሱን እኔ አልሰማሁም» አለና ዳቦውን አነሳ።

አባወራ የማድረጉ ወረቀት በእትዬ ኡሙ አውራ ጣት ተሠራ፤ አንድ ቀን ብቻ ፈጀ። በዚያ ቤት በኖሩበት ሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ያን ያህል በፍጥነት ያለቀላቸው ጉዳይ የለም። የስምምነቱን ቅጽ ግን ራሴ ፈረምኩ። በመዝገብ ሥራ ላይ በነበርኩባቸው ዓመታት ሆን ብዬ የሠራሁት ሁለተኛው ጥፋት ይህ ነው። ለሱሃይላ ሰጠኋት።

«አይገጥምም» አለች።

«ከምን ጋር?»

«ከፊርማው ጋር ነዋ።» ኮምፒውተሩን አዞረችልኝ። ሰባት ፊርማዎች ተደርድረዋል፤ ከስብሰባ፣ ከጥበቃ፣ ከጤና የተሰበሰቡ። ሰባቱም በአንድ እጅ የተፈረሙ ናቸው። ቀጭን፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለ፣ መጨረሻው እንደ መንጠቆ የሚታጠፍ ፊርማ ነው። እኔ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር የእጅ ጽሑፍ መለየት ነው፤ ያን እጅ በመሥሪያ ቤታችን አላውቀውም።

ባጫን ጎማ እየነፋ አገኘሁት።

«በስብሰባው ስም ዝርዝር ለአብዱልሃኪም የፈረምክለት አንተ ነህ?»

አካባቢውን አየ። «ልዩ፣ ዝርዝሩ ካልሞላ ከላይ እኔን ነው የሚቆጡት። የመጀመሪያ ሁለቱን ጊዜ ምልክት አድርጌአለሁ። መስቀል ነገር። ፊርማ አይደለም።»

የሰባቱን ፊርማ ፎቶ በስልኬ አሳየሁት።

«ይኼስ የማነው?»

«የሱ ነዋ» አለ ወዲያው። የጎማው አየር መሙያ ይጮኻል። ባጫ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ። «ማለቴ… ሌሎቹን ጊዜያት መዝገቡ ወደ እኔ ሳይመጣ ሞልቶ ነው የሚደርሰኝ» አለ።

ባዶውን ቅጽ ይዤ ወደ እትዬ ኡሙ ሄድኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። መኪናቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ልብሳቸውን በሁለት ፌስታል አድርገው ከጨረሱ ሳምንት አልፏቸዋል።

«ስጪኝ» አሉኝ። «እኔ እነግረዋለሁ።»

«ለማን?»

«ለወንድሜ ልጅ።»

የቀለዱ መስሎኝ ሰጠኋቸው። በማግሥቱ ጠዋት ወደ ሥራ ሳልፍ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ፣ ወረቀቱን አቀበሉኝ። ተፈርሟል። ቀጭን ነው፣ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ መጨረሻው ይታጠፋል።

«ማን ፈረመው?»

«አንቺ ነሽ የመዝገብ ሰው፣ አንቺ ንገሪኝ» አሉ። ፊታቸው ላይ ሳቅ አልነበረም። «ፍራሹ ላይ አስቀመጥኩት፤ እስክሪብቶውንም። አክስትህ ነኝ፣ እህቴ ዓይኗ ጠፍቷል፣ ልቀቀኝ አልኩት። ሌላ አላልኩም።»

ከእኔ በፊት ሁለት ሾፌሮች ለጨርቃቸው መጥተው ነበር። ሁለቱንም ፈልጌ ጠይቄአለሁ። አንደኛው ያ «ድመት» የሚባለው ነው። «እኔ የራሴን ስም እንኳ በግድ ነው የምጽፈው» አለኝ። ሁለተኛው ቅጹን አላየሁም አለ።

«ምን ይላል? አንብቢልኝ» አሉ እትዬ ኡሙ።

አነበብኩላቸው። «የቤተሰብ አባሌ ወደ አዳሚ ቱሉ እንድትሄድ ተስማምቻለሁ» ይላል። የቆይታ ጊዜ የሚለው ባዶ ቦታ ላይ በዚያው እጅ «ስድስት ወር» ተጽፏል።

ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ማንበብ እንደሚችል ሰው ትክ ብለው አዩት።

«ሠላሳ አንድ ዓመት በኖርኩበት ቤት ስድስት ወር ሰጠኝ» አሉ። «በሱሩር አልወጣም ይኼ ልጅ።»

ሱሃይላ ቅጹን አስገባች። «አሁን ገጠመ» አለች፤ መሸኛው ታተመ፣ ክብ ማኅተም ተመታበት፣ ወጪ ቁጥር ሰጠሁት። በጥቅምት ቤታቸውን ሲቆልፉ ቁልፉን ለእኔ ሊሰጡኝ እጃቸውን ከዘረጉ በኋላ መለሱት። መስኮቱ ደፍ ላይ ከውስጥ በኩል አስቀመጡት።

በአዳሚ ቱሉ ያሳለፉት ጊዜ ደስ የሚል ነበር። በጥር ሄጄ አይቻለሁ። መኪናቸውን በር ላይ ተክለው በአቅራቢያው ካለው ሐይቅ ለሚመጡት አሣ ነጋዴዎች የጋሪ ሸራ ይሰፋሉ። እማማ ሀጂራ ከጎናቸው ተቀምጠው ክር ያቀብላሉ፤ ቀለሙን በመዳሰስ እለያለሁ ብለው ይከራከራሉ፣ ሁልጊዜም ይሳሳታሉ።

«ቀይ አልኩሽ፣ ይኼ አረንጓዴ ነው።»

«ጨርቁ ነው የተሳሳተው።»

«ሻዩንም አንቺ ነሽ ያሳሳትሽው፤ ስኳር ሁለት ጊዜ ገብቶበታል።»

«ዓይን ያለሽ አንቺ፣ ስኳር የምጨምረው እኔ። ታዲያ ማን ይወቀስ?»

እትዬ ኡሙ ክብደት ጨምረው ነበር። ስለ አዳማ ቤት አልጠየቁኝም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳልዘጋጅ፣ «በግድግዳው በኩል ምንም አትሰሚም?» አሉኝ። አልሰማም አልኳቸው። እውነቴን ነው፤ አልጋዬን ወደ ሌላው ግድግዳ አዙሬው ነበር።

ስድስት ወሩ በሚያዝያ አለቀ። በሦስተኛው ቀን በመዝገብ ቤቱ ሳጥን ውስጥ አንድ ማመልከቻ አገኘሁ። «የቤተሰቤ አባል በተፈቀደላት ጊዜ ስላልተመለሰች እንድትመለስ ይደረግልኝ። አመልካች፦ አብዱልሃኪም ሱሩር፣ አባወራ።» ማን እንዳስገባው ጥበቃውንም ሱሃይላንም ጠየቅኩ። ሳጥኑ ውስጥ በቀን መቶ ወረቀት ይገባል፣ ማንም ማንን አያይም። አቶ ኃይለየሱስ ጎኑ ላይ «በመመሪያው መሠረት ይፈጸም» ብሎ መራው። ጥሪው ተጽፎ ለአዳሚ ቱሉም ግልባጭ ተደረገ። ዋናውን ራሴ ይዤ ሄድኩ።

እትዬ ኡሙ ሸራ እየጠቀሙ ነበር። አነበብኩላቸው።

«እምቢ ካልኩ ምን ይሆናል?»

«የእንግድነት ምዝገባው ይሰረዛል። የጤና ደብተሩ እዚህም እዚያም አይሠራም። ተመልሰው አዲስ ስምምነት ካስፈረሙ ግን እንደገና…»

«ማንን ነው የማስፈርመው?» አሉ። መርፌውን ሸራው ላይ ሰኩት። «ልዩ፣ የኔ ልጅ፣ እኔ ቆዳዬ እስኪሸበሸብ ማንንም ሳላስፈቅድ ነው የኖርኩት። ባሌ በሕይወት ሳለ እንኳ ገበያ ስወጣ ተነስቼ ነው የምወጣው። አሁን በስልሳ ዓመቴ ያልተወለደ ልጅ ፍራሽ አጠገብ ተንበርክኬ ልቀቀኝ እላለሁ?»

«ክኒንዎስ?»

«አላህ ያውቃል። ሰውየው ከፈለገኝ መጥቶ ይውሰደኝ በዪው። አድራሻዬን አንቺ ጽፈሽ የለ!»

እማማ ሀጂራ ከጓዳ ሆነው፣ «ማነው የሚመጣው?» አሉ።

«ማንም አይደለም» አሉ እትዬ ኡሙ።

ለአንድ ወር ተኩል የአዳማውን ጤና ጣቢያ እየለመንኩ ክኒናቸውን በሚኒባስ ረዳት እልክላቸው ነበር። ሰኔ መጀመሪያ ላይ የጤና ጣቢያው ያለ ባለደብተሩ አንሰጥም አለኝ፤ ከመድኃኒት ቤት ፈልጌ ስልክ ስደውልላቸው እማማ ሀጂራ አነሱት። እትዬ ኡሙ መኪናቸው ፊት እንደተቀመጡ ዘንበል ብለው ነው ያረፉት። በዚያው ዕለት ከሰዓት ተቀበሩ። የአዳሚ ቱሉ ሰው ወረቀት ሳይጠይቅ መቃብር ቆፈረ፣ ሳይጠይቅ ተሸከመ። ቀብራቸው ላይ አልደረስኩም።

የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። እማማ ሀጂራ ጥጉ ላይ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተንበርክኬ፣ «እማማ፣ እንዴት ነዎት? አላህ ያጽናዎት» አልኩ። ክንዴን ጥብቅ አድርገው ያዙ፣ እጃቸውን ወደ ፊቴ ሰድደው ጉንጬን፣ ጆሮዬን፣ የፀጉሬን ጉንጉን ዳሰሱ። ማን እንደሆንኩ እስኪያረጋግጡ ድረስ ደጋግመው ዳሰሱኝ።

«ልዩ ነሽ።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ጠዋት መጥቶ ነበር።»

«ማን ነው የመጣው?»

«የሱሩር ልጅ ነኝ ያለው። ጫማውን አወለቀ፣ ሰላምታ ሰጠ፣ አሁን አንቺ ያለሽበት ተቀመጠ። አክስቴን ልወስድ ነው የመጣሁት አለ። ቀበርናት አልኩት። ከዚያ ማስረጃ አላችሁ ወይ አለኝ። የምን ማስረጃ፣ መቃብሯን ሂድና እይ አልኩት። እሺ ብሎ ወጣ።»

ወደ ተቀመጡት ሴቶች ዞርኩ። ጠዋት አንድ ወጣት መጥቶ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ለቅሶ ነው፣ ስንቱ መጥቷል፣ ስንቱን እናስታውስ አሉ።

«አነጋገሩ እንዴት ነው?» አልኳቸው እማማ ሀጂራን። «የወሎ ነው? የአዳማ ልጅ ነው?»

እጃቸውን ከክንዴ ላይ አላነሱም ነበር፤ አሁን ቀስ ብለው አነሱት።

«አሁን አንቺ ስትገቢና እንዴት ነዎት ስትዪኝ እሱ የተመለሰ መስሎኝ ነበር» አሉ። «እንደ አንቺ ነው የሚናገረው። ሳይቸኩል፣ ቃል ከቃል እየለየ፣ ከወረቀት ላይ እንደሚያነብ ሰው።»